ነሐሴን ጃፓን ለሚያሳልፉ ልጆቻችን ወላጆች

የተከበራችሁ ወላጆች፣

እንደምን ከረማችሁ? ካርድ ከተሰጠ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። የምትጠይቁኝ ሁሉ ስለ ጃፓኑ ጉዞ ነው። ምን ይበላሉ? የማያውቁት ሰው ቤት እንዴት ያድራሉ? ለሁላችሁም በአንድ ጊዜ ልመልስ ብዬ ይህን ጻፍኩ። ረዘም ይላል፤ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

አሥራ አራቱ ልጆቻችን ሐምሌ 29 ተነሥተው ነሐሴ 14 ይመለሳሉ። ቶኪዮን የሚያዩት ከአውሮፕላን ወደ አውሮፕላን ሲቀይሩ ብቻ ነው። በዚህ ቅር ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። መድረሻቸው ኪዩሹ በሚባለው ደቡባዊ ደሴት ላይ ያለው የኦይታ ግዛት ነው። መጀመሪያ ጥቂት ቀን ቤፑ ይቆያሉ። ቤፑ ከሁለት ሺህ በላይ የፍል ውሃ ምንጭ ያላት የባሕር ዳር ከተማ ናት። ከየሰፈሩ እንፋሎት ይትጎለጎላል፤ ሰዉም አትክልቱን በዚያው እንፋሎት ያበስላል። በ2000 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሪትሱሜይካን እስያ ፓሲፊክ ዩኒቨርሲቲ እዚያ ስለሆነና ከተማሪዎቹ ግማሽ ያህሉ ከውጭ ስለሚመጡ፣ የውጭ አገር ልጅ ለከተማው ብርቅ አይደለም።

ከዚያ ወደ አጂሙ ይወጣሉ። አጂሙ የወይን አገር ነው፤ ነሐሴ ወይኑ የሚለቀምበት ወቅት ነው። የአካባቢው ገበሬዎች ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤታቸውን ለእንግዳ ከፍተዋል። አንድ ጊዜ ያደረ የሩቅ ዘመድ ነው፣ አሥር ጊዜ ያደረ የእውነት ዘመድ ነው ይላሉ። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው በየቤቱ ይመደባሉ። ከቤቱ ሰው ጋር ይነሣሉ፣ ከቤቱ ሰው ጋር ይበላሉ፣ ወይን ይለቅማሉ። ሆቴል ቢያድሩ ኖሮ አሥራ አራቱም እርስ በርስ በአማርኛ ሲያወሩ ከርመው ይመለሱ ነበር። እኔ የምፈልገው አንዲት ጃፓናዊት እናት ጠዋት ወጥ ቤቷ ውስጥ ምን እንደምታደርግ አጠገቧ ቆመው እንዲያዩ ነው።

ባለፈው ዓመት ከልጆቹ ጋር የሄድኩት እኔ ነበርኩ። ያረፍኩበት ቤት አባወራ ሰማንያን ያለፉ ሽማግሌ ናቸው። አስተርጓሚያችን ገና "ከኢትዮጵያ" ሲላቸው ክንዳቸውን አጥፈው እንደሚሮጥ ሰው እያወዛወዙ "አበበ! አበበ!" አሉኝ። በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ሲያሸንፍ ወጣት ነበሩ። መስመሩን ካለፈ በኋላ ሳር ላይ ጋደም ብሎ ሰውነቱን ሲያፍታታ ማየታቸውን በእጃቸው ጭምር አሳዩኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ። አንድም የጋራ ቃል ሳይኖረን ማታውን አብረን አመሸን። ልጆቻችሁ አበበን የሚያውቁት ከመማሪያ መጽሐፍ ነው። ከመሄዳቸው በፊት እባካችሁ ቤት ውስጥ አውሩላቸው፤ እዚያ መጠየቃቸው አይቀርም።

አሁን ወደ ጾሙ ልምጣ፤ ብዙ የተጠየቅኩት እሱን ነው። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ስለሆነ ጉዞው ከሞላ ጎደል ጾም ውስጥ ይውላል። መጾምና አለመጾም የእናንተ፣ የልጁና የንስሐ አባቱ ጉዳይ ነው፤ እኔ አልገባበትም። የሚጾም ልጅ ግን ይቻለዋል። ባለፈው ዓመት ለቤቱ እመቤት ሥጋ፣ ወተትና ዕንቁላል እንደማንበላ ነግረናቸው ነበር። እሳቸውም የአትክልት ሾርባ ሠሩልን። አንዷ ልጃችን ዓሣ ዓሣ ሸተተኝ አለች። እውነቷን ነው፤ የጃፓን ሾርባ ውሃው ራሱ ብዙ ጊዜ የሚፈላው በደረቀና በተፋቀ ዓሣ ነው። ሲነገራቸው ሴትየዋ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ አስተርጓሚው "ሾጂን" የሚል አንድ ቃል ጣል አደረገ። ፊታቸው በራ። ሾጂን የቡድሃ መነኮሳት ሥጋም ዓሣም የሌለበት ምግብ ነው። የሙታን መታሰቢያ በሆነው የኦቦን በዓል እናታቸው እንዲህ ያለ ማዕድ ይሠሩ እንደነበር ነገሩን። ማታውኑ የደረቀ የባሕር ቅጠልና ደረቅ እንጉዳይ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፉ። ኦይታ በደረቅ እንጉዳይ ከጃፓን ቀዳሚው ነው፤ ጓዳቸው ውስጥ በከረጢት ተሰቅሎ አይቼዋለሁ። ጠዋት ሾርባው ወርቃማ ሆኖ ቀረበ። ልጅቷ ሁለቴ አስጨመረች። ዘንድሮ ይህችን ቃል በጃፓንኛ አስጽፌ ለእያንዳንዱ ጿሚ ልጅ ካርድ አዘጋጅቻለሁ። ለሙስሊም ልጆቻችንም የአሳማ ሥጋና አልኮል፣ ወጥ ውስጥ የሚጨመረውም ጭምር፣ እንዳይቀርብ የሚገልጽ ካርድ አለ።

ኦቦን በዚያው ሳምንት፣ ነሐሴ 7 አካባቢ ይውላል። ማታ ማታ የሰፈሩ ሰው ክብ ሠርቶ ይጨፍራል፤ ልጆቹም ይገባሉ። ቡሄም እዚያው ሊያልፍባቸው ነው። ወንዶቹ ሆያ ሆዬን አጂሙ ላይ በየደጁ እንጨፍራለን ብለው አስፈቅደውኛል። ዱላ ከዚህ መያዝ አያስፈልጋቸውም።

አንዳንዶቻችሁ በየቤቱ ስላለው የሙታን መታሰቢያ መሠዊያ ጠይቃችሁኛል። ልጅ እንዲሰግድ ወይም ዕጣን እንዲያጨስ አይገደድም። ዝም ብሎ ተንበርክኮ ቢቀመጥ ይበቃል፤ ማንም አይቀየምም። እንዲያውም ዕጣን እዚያ የሚያስታውሰው ሙታንን ስለሆነ ቡና ስናፈላ ዕጣኑን ትተነዋል። ከሰሉንም ትተነዋል፤ ወለሉ ከሳር የተሠራ ምንጣፍ ነውና አንዲት ፍም ብትወድቅ አደጋ ነው። ጀበናውን ጋዝ ላይ ጥደን እስከ በረካ ጠጣን።

ሰዓት ላይ ከባድ ጥፋት ደርሶብናል። የሰፈሩ አረጋውያን የሚውሉበት ማዕከል ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይጠብቁን ነበር። አንዱ ልጃችን የቤቱ እመቤት ስንት ሰዓት እንደሆነ ሲጠይቁት በእንግሊዝኛ "ሦስት" አላቸው። በእነሱ አቆጣጠር ያ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጠዋቱ ዘጠኝ ነው መባል የነበረበት። ሽማግሌዎቹ በቀለም ወረቀት ወፍ ማጠፍ ሊያስተምሩን ተዘጋጅተው ተሰልፈው ቀሩ፤ ልጁ እስኪመጣ እንጀምርም አላሉ። ይባስ ብሎ ወደ መሬት አጎንብሰው ይቅርታ የጠየቁት ሴትየዋ ሆኑ። በጣም አፈርኩ። ልጆቹ ከዛሬ ጀምሮ በፈረንጅ ሰዓት ይለማመዱልኝ።

ለእናንተ ግን ደስ የሚል ነገር አለ። ጃፓን ከእኛ ስድስት ሰዓት ትቀድማለች። የእኛም አቆጣጠር ከፈረንጁ የሚለየው በስድስት ሰዓት ነው። ስለዚህ ሳሎናችሁ ያለው ሰዓት በእኛ አቆጣጠር የሚያሳየው ቁጥር ልጃችሁ እጅ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። እናንተ ዘንድ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሲሆን እነሱ ዘንድ ምሽት ሰባት ነው። ከምሳ በኋላ ብትደውሉ እራት በልተው ታገኟቸዋላችሁ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ግን አትደውሉ፤ እዚያ ሌሊቱ ሦስት ነው። በየቀኑ ባትደውሉም ደስ ይለኛል። ስልኩ ላይ የተደፋ ልጅ ከቤቱ ሰው ጋር አይጫወትም።

ከመሄዳቸው በፊት ቤት ውስጥ አለማምዱልኝ። ሰሃን ይጠቡ፣ ፍራሻቸውን ያጥፉ፣ ቆሻሻ ይለዩ። ሠራተኛ ያለችበት ቤት ያደጉ ልጆች ባለፈው ዓመት የበሉበትን ጥለው ሲነሡ አይቻለሁ። ጃፓኖች ይህን አይናገሩም፤ ፈገግ ብለው ራሳቸው ያነሣሉ። መታጠቢያውም እንዲሁ ነው። ሰውነት የሚታጠበው ከገንዳው ውጭ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነው፤ ገንዳው ውስጥ የሚገባው ከጸዱ በኋላ ነው፤ ያንኑ ውሃ ቤተሰቡ ሁሉ በየተራ ይገባበታል። አንዱ ልጅ እንደ እኛ ቤት መስሎት ከራሱ በኋላ ውሃውን ለቀቀው። ባለቤቶቹ ምንም ሳይሉ እንደገና ሞሉት። እኔ የሰማሁት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። የሕዝብ ፍል ውሃ ቤት ራቁት መግባት የሚከብደው ልጅ ግን መቅረት ይችላል፤ ከአሁኑ ይንገረኝ።

በቾፕስቲክ፣ ማለትም በመብያ እንጨቶቹ፣ ጉርሻ የለም። ከአንዱ ቾፕስቲክ ወደ ሌላው ምግብ ማቀበል፣ ሩዝ ላይ እንጨቱን ማቆምም የቀብር ሥርዓት ነው። የቀረውን ያውቁታል። ጫማ ማውለቅ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም ማለት፣ ስጦታን በሁለት እጅ መቀበል ለእኛ ልጅ አዲስ አይደለም። ካልሲው ግን ያልተቀደደ ይሁን።

ስጦታ አታብዙ። የተቆላና የታሸገ ግማሽ ኪሎ ቡና ይበቃል። ቋንጣ በፍጹም አትላኩ፤ ሥጋ ነክ ነገር አየር ማረፊያ ላይ ይወሰዳል።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። ቤተሰቡ ሁሉ ያለበት አንድ ፎቶ፣ አያትም ካሉ አያትን ጨምሮ፣ አሳጥባችሁ ላኩልኝ። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጃችን ይዛ የሄደችውን ፎቶ ሴትየዋ ማቀዝቀዣቸው ላይ ለጠፉት። የአያቷን ነጠላ በጣታቸው እየነኩ ማን ነው የሸመነው ብለው ጠየቋት። ልጅቷ አታውቅም ነበር፤ ማታውኑ ደውላ አያቷን ጠየቀች። ፎቶዎቹ እስከ ዓርብ ቢሮዬ ይድረሱኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር