«ያም» ስኳር ድንች እየመሰለኝ ያነበብኩት መጽሐፍ

ሰላም ለናንተ ይሁን አዘጋጆች፣

ከሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው የምጽፍላችሁ። ባለፈው አንድ አንባቢያችሁ ልጆቻችን እዚህ ሀገር የሚያነቡት የፈረንጅ መጽሐፍ ብቻ ነው ብለው ሲያማርሩ አይቼ እስቲ እኔም አንድ ነገር ልበል ብዬ ነው። የኔ ልጅ ዘንድሮ አስረኛ ክፍል ናት፣ ለእንግሊዝኛ ክላስ የተሰጣት የናይጄሪያዊው የቺኑዋ አቼቤ ቲንግስ ፎል አፓርት የተባለው ልብ ወለድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው።

እኔም ከሃያ አመት በፊት እዚሁ ሃይስኩል እያለሁ ያው መጽሐፍ ተሰጥቶኝ ነበር። ከአዲስ አበባ ከመጣሁ አመት አልሞላኝም፣ እንግሊዝኛዬም እንደነገሩ ነው፣ እውነቱን ለመናገር ግማሹን ከኢንተርኔት ማጠቃለያ አንብቤ ነው ፈተና የገባሁት። ከሁሉ ግራ ያጋባኝ መጽሐፉ ውስጥ ያለው «ያም» የሚባል ስራስር ነበር። እዚህ ሱቅ ውስጥ ያም ብለው የሚሸጡት ብዙ ጊዜ ስኳር ድንች ነው፣ ታንክስጊቪንግ ላይ የሚበላው፣ እና የመጽሐፉ ዋና ገጸ ባህሪ ኦኮንክዎ፣ ያን የመሰለ ጉልበተኛ ሰው፣ ክብሩ በስኳር ድንች ክምር የሚለካው ለምንድነው እያልኩ ነው ያነበብኩት፣ ያስረዳኝም የለም። ቆይቶ የምዕራብ አፍሪካዎች ግሮሰሪ ገብቼ እውነተኛውን አየሁት፣ ክንድ የሚያክል፣ ልጣጩ የዛፍ ቅርፊት የሚመስል፣ አንዱን ሳነሳው ከብዶኝ መለስኩት። የወላይታ ጓደኛዬ ይሄማ ቦዬ ነው ብሎ ሳቀብኝ።

ሰሞኑን ልጄን ከቮሊቦል ልምምድ ልወስዳት ፓርኪንግ ውስጥ ስጠብቅ የኋላ ወንበር ላይ ጥላው የሄደችውን አንስቼ ጀመርኩት፣ በሶስት ቀን ጨረስኩት። ያኔ ኦኮንክዎን ወድጄው ነበር፣ በ18 አመቱ ሰባት አመት ያልተሸነፈውን የትግል ተወዳዳሪ የጣለ ጀግና! አሁን ግን ምዕራፍ 7 ላይ ስደርስ አቃተኝ። ኢኬሜፉና ሶስት አመት ቤቱ ያደገ፣ አባቴ የሚለው ልጅ ነው፣ ልጁ እንዲገደል ሲወሰን አንድ የመንደሩ ሽማግሌ ኦኮንክዎን በሞቱ እጅህን እንዳታስገባ ብለውት ነበር፣ ልጁ ያድነኛል ብሎ ወደሱ ሲሮጥ ግን ራሱ በቆንጨራ ጣለው፣ ፈሪ እንዳይባል። ፈተናው ላይ የኦኮንክዎ ድክመት ምንድነው ሲሉኝ ፍርሃት ብዬ ጽፌ ሙሉ ማርክ አግኝቻለሁ እኮ፣ ከኢንተርኔቱ ገልብጬ።

ከሱ ይልቅ የነካኝ ግን እዚያው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ያለች ትንሽ ነገር ናት፣ ያኔ ጭራሽ አላየኋትም። የራሱ ልጅ ንዎዬ የሚወደው እናቱ የምትነግረውን ተረት ነው፣ አባቱ እንዳይቆጣ ግን የጦርነት ወሬ የሚወድ ያስመስላል። እኔ ቤት የአስር አመት ልጅ አለ፣ ስእል ይወዳል፣ የበር ቁልፍ ድምጽ ሲሰማ ደብተሩን ሶፋ ስር ከቶ ኳስ ጨዋታ ይከፍታል። ወንድ ልጅ ቀለም ይዞ አይውልም ያልኩት አንዴ ይመስለኝ ነበር፣ ባለቤቴን ስጠይቃት ሳቀች።

ልጄን ኦኮንክዎን እንዴት አየሽው አልኳት። ገና ከመጀመሪያው ገጽ ነው የጠላሁት አለችኝ፣ ከዛ ባቢ መጽሐፉን መልስልኝ አርብ ፈተና አለብኝ ብላ ነጠቀችኝ፣ ምዕራፍ 7 ላይ ያጠፍኩትን ገጽ አይታ ደግሞ ይሄን ማን ነው ያጠፈው ብላ ተቆጣች።