ባትሪ የሚለካ ሁሉ ዝገት አይለካም

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች የሶላር ባትሪ እጠግናለሁ። ባለፈው ታኅሣሥ የአንድ ጤና ጣቢያ ባትሪዎች 12.6 ቮልት ስላሳዩ «ደህና ናቸው» ተባሉ። በዚያው ሌሊት የክትባት ማቀዝቀዣው ቆመና ክትባቱ በጨለማ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ተወሰደ። ሥራ ላይ ያልዋለ ባትሪ የሚያሳየው ቮልት ውስጡ መድከሙን ይደብቃል። ድካሙን የሚያወጣው ኢምፔዳንሱ፣ ማለትም ለተለዋዋጭ ከረንት የሚያሳየው ተቃውሞ ነው።

ከዚያ በኋላ የኢምፔዳንስ መለኪያ በመገዛቱ ደስ ብሎኝ ነበር። ያሳዘነኝ ያው መሣሪያ የውሃ ታንከር ቀለም ዝገትን መከላከሉን እንዲያረጋግጥ መላኩ ነው። ቁጥር ማሳየት አቃተው፤ «ተበላሽቷል» ተብሎም ተመለሰ። መሣሪያው ግን ጤነኛ ነበር።

የትልቅ ባትሪ ተቃውሞ ጥቂት ሚሊ ኦም (የተቃውሞ መለኪያ የሆነው ኦም አንድ ሺኛ) ብቻ ነው። 2 ሚሊ ኦም ባለው ላይ 10 ሚሊ ቮልት ቢጫን 5 አምፔር ይፈስሳል፤ ትንሽ የቮልቴጅ ስሕተት እንኳ ባትሪውን እየሞላ ወይም እያራገፈ ልኬቱን ያዛባል። ስለዚህ ለባትሪ ከረንቱን ወስኖ ቮልቴጁን ማንበብ ይሻላል። ገመዱም አራት ይሁን፤ ሁለቱ ከረንት ያስተላልፋሉ፣ ሁለቱ ቮልቴጅ ያነባሉ። በሁለት ገመድ ከተለካ የመቆንጠጫው ተቃውሞ ተደምሮ ጤነኛውን ባትሪ በሽተኛ ያስመስለዋል።

በደንብ የተቀባ ብረት ግን 100 ሚሊዮን ኦም ሊያልፍ ይችላል። በዚያ ውስጥ 1 ሚሊ አምፔር ለማሳለፍ 100,000 ቮልት ያስፈልጋል! እዚህ የሚወሰነው ቮልቴጁ ነው፤ ብረቱ በራሱ ከረጋበት ቮልቴጅ ሳይርቁ ኢምንቷን ከረንት ማንበብ ነው። ብዙዎቹ የእጅ መለኪያዎች ደግሞ የሚሠሩት በ1,000 ኸርዝ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም በሴኮንድ 1,000 ዙር በሚለዋወጥ ከረንት፣ ብቻ ነው። የዝገት ፍጥነት የሚታየው በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ነው፤ በ0.01 ኸርዝ አንዱ ዙር ብቻ 100 ሴኮንድ ይፈጃል።

ውርጩንም አትርሱብኝ። ባትሪ ሲቀዘቅዝ ኢምፔዳንሱ ይጨምራል፤ ደብረ ብርሃን በማለዳ የተለካው ሸዋ ሮቢት በቀትር ከተለካው ጋር አይነጻጸርም። ሙቀቱና የባትሪው ሙሌት አብረው ይመዝገቡ።

የጨረታ ሰነድ የምታዘጋጁ ወገኖቼ፣ «ኢምፔዳንስ መለኪያ» ብላችሁ ብቻ አትለፉት። የሚለካውን ነገር፣ የተቃውሞውንና የፍሪኩዌንሲውን ወሰን ጻፉ። ከመክፈላችሁም በፊት ባትሪውን ወይም የተቀባውን ብረት ይዛችሁ ሂዱና ሻጩ ፊታችሁ ይለካው።

ከአክብሮት ጋር
የሶላር ባትሪ ጥገና ባለሙያ፣ ከደብረ ብርሃን