ለውድ ደንበኞቻችን፦ የቀድሞውን 90 ሚሊሜትር ለምን እንደመረጥን

ቲልት-ሺፍት ሌንስ (ካሜራው ሳይንቀሳቀስ ሌንሱ ብቻ የሚያጋድል፣ ያ ቲልት ነው፣ እና የሚንሸራተት፣ ያ ሺፍት ነው) ለኪራይ እንደምናስመጣ ስንነግራችሁ ብዙዎቻችሁ የጠበቃችሁት ካነን እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣውን 90 ሚሊሜትር ማክሮ (ትንንሽ ነገር በቅርበት የሚያነሳ ሌንስ) ነበር። የመጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1991 ገበያ ላይ የዋለው የቀድሞው 90 ነው። ቅሬታችሁ ደርሶኛል። አንድ የረጅም ጊዜ ደንበኛችን «እንዴ፣ ያገለገለ ዕቃ ልታከራየን ነው?» ብሎኛል። ቅር ስለተሰኛችሁ ይቅርታ። ምርጫው ግን በደንብ ታስቦበት የተደረገ ነውና ስሙኝ።

አዲሱ ጎበዝ ሌንስ ነው፣ አልክድም። ያለ ምንም ተጨማሪ ዕቃ 0.5 እጥፍ ያቀርባል፣ ማለትም የዕቃው ምስል ሴንሰሩ ላይ በግማሽ መጠኑ ያርፋል፤ የቀድሞው ብቻውን 0.29 ላይ ይቆማል። ቲልቱ 10 ዲግሪ ድረስ ይሄዳል፤ የቀድሞው 8 ነው። የቲልቱንና የሺፍቱን አቅጣጫ ለየብቻ በእጅ ማዞር ይቻላል። በቀድሞው ግን አራት ትንንሽ ብሎኖች መፈታት አለባቸው። የእኛን ቴክኒሺያናችን ቀድሞ ፈትቶ ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ እንዲሄዱ አድርጎታል፤ ለጠረጴዛ ላይ ሥራ የሚመቸው እሱ ነው።

የእናንተን ሥራ ደግሞ አውቀዋለሁ። የፒያሳ ወርቅ ቤቶችን ጌጥ ታነሳላችሁ፣ መስቀል ታነሳላችሁ፣ ለላኪዎች የቡና ናሙና ታነሳላችሁ። ሌንሱ እንደመጣ አንድ የብር የእጅ መስቀል ጥቁር ከፋይ ላይ አጋድመን ሞከርነው። በተለመደው ማክሮ ከእጀታው እስከ ጫፉ ጥርት እንዲል የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 22 ድረስ አጠበብን። ሁሉም ፎከስ ውስጥ ገባ፤ ግን በዲፍራክሽን (ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ በመበተኑ) ምክንያት የሽቦው ሥራ ደበዘዘ። በቀድሞው 90 ላይ 25 ሚሊሜትር ኤክስቴንሽን ቲዩብ (ሌንሱን ከካሜራው የሚያርቅ ባዶ ቀለበት) ጨመርን፣ የፎከሱ ሜዳ ከተጋደመው መስቀል ጋር እንዲገጥም ቲልቱን ወደ ታች ሰጠን፣ ኤፍ 8 ላይ አነሳን። ላይቭ ቪው ላይ፣ ማለትም በካሜራው ስክሪን፣ አጉልተን ስናየው እያንዳንዱ የብር ክር ከእጀታው እስከ ጫፉ ይለያል። በዚህ ቲዩብ ማቅረቡም 0.5 እጥፍን ያልፋል።

ገደብም አለው። በጣም ሲጠጋ የሚያስፈልገው ቲልት ይጨምራል፤ 8 ዲግሪ የሚያጥርበት ጊዜ ይኖራል። ያኔ ካሜራውን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ወደ ታች ማየት ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ ቀለበት ከሆነ ቲልት ብዙ አይረዳውም፣ አዲሱም ቢሆን ያው ነው። ቲልት የፎከሱን ሜዳ ያጋድለዋል እንጂ አያወፍረውም። ሁለቱም ፎከሳቸው በእጅ ነው፣ ሁለቱም ትራይፖድ ይፈልጋሉ። የቀድሞው 565 ግራም ሲሆን አዲሱ 915 ግራም ነው፤ ቀኑን ሙሉ ወርቅ ቤት ለወርቅ ቤት ለምትዞሩ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። አዲሱ ሲወጣ ዋጋው 2,199 ዶላር ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ቀረጡንና ማጓጓዣውን ጨምሩበት። ያንን ሌንስ ባመጣው የቀን ኪራዩን በእጥፍ ላስከፍላችሁ ነበር። ወርቅ ቤቱ ደግሞ ለእናንተ በእጥፍ አይከፍላችሁም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። የቀድሞውን በደህና ይዞታ በግማሽ ባልሞላ ዋጋ አገኘሁት። ኪራዩም በድሮው ዋጋ ቀጠለ።

ይህ ቤት የተጀመረው በፊልም ማጠብና በጉርድ ፎቶ ነው። ፒያሳ የነበረው ቤታችን ለልማት ሲነሳ አራት ኪሎ ድረስ ተከትላችሁን መጥታችኋል። ያንን አልረሳም። ያኔ ባትመጡ ኖሮ ዛሬ ስለ ሌንስ የምናወራበት ቤት አይኖርም ነበር። ለዚህም ነው «ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ ነው» መባሌ ልቤን የነካው። የቆጠብኩት የእናንተንም ገንዘብ ነው። አዲሱን የማመጣበት ቀን ይመጣል፤ እስከዚያ አብራችሁኝ ቆዩ።

አዲሱ ነው ብላችሁ ቀብድ የከፈላችሁ፣ ገንዘባችሁ ሙሉ በሙሉ ይመለስላችኋል። ከመወሰናችሁ በፊት ግን የምታነሱትን ጌጥና የራሳችሁን ካሜራ ይዛችሁ ብቅ በሉ። ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው ካሜራ) ከሆነ ሌንሱን የሚያገጥመው አዳፕተር እኛ ጋ አለ። ጠረጴዛውና መብራቱ ዝግጁ ነው፣ ለሙከራው አንድ ብር አልቀበልም።

ከአክብሮትና ከምስጋና ጋር፣
የስቱዲዮው ባለቤት