ስለ መዳብ ክሪስታል፣ ከድሬዳዋ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣ ሰላም ብያለሁ ከድሬ። ሳቢያን አካባቢ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፣ እና የሳይንስ ገጻችሁ ላይ ስለ ስልክና ስለ ጠፈር ብቻ ሳይሆን ልጆች በእጃቸው ሊሰሩት ስለሚችሉት ነገርም ጻፉልን ለማለት ነው።

ለምሳሌ ኮፐር ሰልፌት (ሰማያዊው የመዳብ ጨው) ውሃ ውስጥ አሟሙተህ አሞኒያ ጠብ ጠብ ስታደርግበት መጀመሪያ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ዝቃጭ ይወጣል፣ አሞኒያውን ስትጨምር ግን ዝቃጩ ይጠፋና ሁሉም ደማቅ ሰማያዊ ይሆናል፣ ክፍሉ በሙሉ ነው የሚጮኸው! ከዛ አልኮል በላዩ ቀስ ብለህ አፍስሰህ ሳትነካካው ካቆየኸው ክሪስታል ይሰራል። የድሬ ሙቀት እዚህ ላይ አያግዝም፣ እቃው ካልተከደነ አሞኒያው ቶሎ ይተናል። (በምትሰራበት ሰዓት ግን መስኮት መክፈት ግድ ነው፣ አይን ያቃጥላል።)

ዋናው ደግሞ ውስጡ ነው። መዳቡን አራት የአሞኒያ ናይትሮጅኖች በካሬ ቅርጽ ይከቡታል፣ ርቀታቸው ወደ 2 አንግስትሮም ነው (አንድ አንግስትሮም የሜትር አስር ቢሊዮንኛ ነው)፣ ክሪስታሉ ውስጥ ያለው ውሃ ግን ራቅ ብሎ 2.6 ገደማ ላይ ይቀመጣል። ይሄ የሚታወቀው በኤክስሬይ ነው፣ እነ ጀርመናዊው ፊዚሲስት ማክስ ፎን ላወ በ1912 እ.ኤ.አ. ሙኒክ ላይ መጀመሪያ የሞከሩትም በኮፐር ሰልፌት ክሪስታል ነበር፣ ማለትም ተማሪዎቼ ሲጀምሩ ጠርሙስ ውስጥ የሚያዩት ያው ጨው!

የኤክስሬይ ማሽኑ ያላቸው ተቋማት በዓመት አንዴ እንኳን ከሃይስኩል የመጣ ክሪስታል ተቀብለው ቢለኩልን ምን አለበት? እባካችሁ ይሄን ጥያቄ አትሙልን።

አንድ የኬሚስትሪ መምህር፣ ድሬዳዋ