የሙዚቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ክሩ ለምን ከፍ አለ?

የሙዚቃ ክበባችን ዘንድሮም በሰንደቅ ዓላማ ቀንና በወላጆች በዓል ላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ዜማዎች ተሳትፏል። ፎቶዎቹ በመጽሔቱ መካከለኛ ገጾች ስላሉ ዝርዝሩን አልደግመውም። የክበቡን ሰዓት የበላው ግን አንድ ጊታር ነው።

ውጭ አገር የሚኖር የቀድሞ ተማሪያችን የላከልን ይህ ኤሌክትሪክ ጊታር ፍሎይድ ሮዝ የሚባለው ብሪጅ (ክሮቹ በጊታሩ አካል ላይ የሚያርፉበት ብረት) አለው። ፍሎይድ ሮዝ የተባለው አሜሪካዊ ጊታሪስት እ.ኤ.አ. በ1979 የፈጠራ መብት ያገኘበት ስልት ክሮቹን ከሁለቱም ጫፍ ይቆልፋቸዋል። ከብሪጁ ጋር የተያያዘውን ዘንግ ሲጫኑት ድምፁ ይወርዳል፣ ሲለቁት ቅኝቱ ሳይዛባ ይመለሳል። ብሪጁ በጊታሩ አካል ላይ አልተጣበቀም። ስለታም ጠርዙ፣ ሲዞሩ ከፍና ዝቅ በሚያደርጉት ሁለት ምሰሶዎች ላይ ተደግፎ ይቆማል። ከፊት ስድስቱ ክሮች፣ ከኋላ ደግሞ በጀርባው ጉድጓድ ውስጥ ያሉት ሞላዎች ይስቡታል። ነገሩ ገመድ ጉተታ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች ሲመጣጠኑ ብሪጁ ከአካሉ ጋር ትይዩ ይሆናል።

ጊታሩ ሲደርሰን ክሮቹ ጣት የሚያሳምሙ ነበሩ። 12ኛው ፍሬት (በአንገቱ ላይ ካሉት አግዳሚ ብረቶች አንዱ) ላይ በማስመሪያ ስንለካ ወፍራሙ ክር ከብረቱ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከፍ ብሏል። ልጆቹ ወዲያው አለንኪ አንሥተው «ቲቸር፣ ምሰሶዎቹን እናጥብቃቸው?» አሉ። ቆዩ አልኳቸውና ጊታሩን ከጎን እንዲያዩት አደረግሁ። የብሪጁ ጅራት ወደ ላይ ተነሥቶ ነበር። ከዚህ በፊት የያዘው ሰው ወፈር ያሉ ክሮች አስሮበታል፤ ወፍራም ክር ደግሞ ለዚያው ቅኝት የበለጠ ውጥረት ስለሚፈልግ ሞላዎቹን አሸንፎ ብሪጁን ወደ ፊት አዘንብሎታል። ከፍታው የመጣው ከዚያ ነው። በዚያ ሁኔታ ምሰሶውን ዝቅ ማድረግ ያዘነበለውን እንዳዘነበለ ማውረድ ብቻ ይሆን ነበር።

ስለዚህ የጀርባውን ክዳን ፈትተን፣ ሞላዎቹን የያዘውን ብረት የሚስቡትን ሁለት ብሎኖች በካቻቪቴ ግማሽ ግማሽ ዙር አጠበቅን። ከእያንዳንዱ ግማሽ ዙር በኋላ ስድስቱንም ክር እንደገና መቃኘት ግድ ነው፤ አንዱ ሲወጠር ሌሎቹ ይረግባሉና። ትዕግሥት የሌለው ልጅ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ብሪጁ ሲስተካከል ክሮቹ ምሰሶው ሳይነካ በግልጽ ዝቅ አሉ።

ቀጥሎ አንገቱ። የጅማ ዝናብ ክረምት እስኪገባ አይጠብቅም፣ እንጨት ደግሞ እርጥበት ይሰማዋል፤ አንገቱ ሊጎብጥ ይችላል። ክሩን መጀመሪያውና መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነን፣ ከጋራዥ በተዋስነው የቫልቭ ክፍተት መለኪያ 8ኛው ፍሬት ላይ ከክሩ በታች ያለውን ክፍተት ስንለካ ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ሆነ። ደህና ነው፣ አልነካነውም። ምሰሶዎቹ የተነኩት ከዚህ በኋላ ነው፤ ያውም ክሮቹን አላልተን። ክር ተወጥሮ ሳለ ምሰሶ ማዞር ስለቱን ይበላዋል፤ ስለቱ ከተበላ ብሪጁ በትክክል ወደ ቦታው አይመለስም። ወፍራሙን ክር 2፣ ቀጭኑን 1.5 ሚሊ ሜትር ላይ አቆምናቸው። በዚህ ብሪጅ ላይ እያንዳንዱን ክር ለብቻ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ብሎን የለም፤ ያን የፈለገ ከክሩ መቀመጫ ሥር ስስ ብረት ማስገባት አለበት። እኛ አላስፈለገንም።

ክርክሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ክራር የምትጫወት አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪያችን ጊታሩን እንደ ክራሯ በትዝታ ልትቃኘው ፈልጋ፣ መቆለፊያውን ፈትታ አንዱን ክር አላላችው። የአምስቱ ድምፅ በአንድ ጊዜ ከፍ አለባት። መልሳ ስታወርዳቸው ደግሞ የመጀመሪያው ሌላ ሆነ። ክሩን ገፋ አድርጎ ድምፁን ማንሣት የሚወደው ልጅም የራሱ ቅሬታ ነበረው፤ አንዱን ክር ሲገፋ አብሮ የሚጮኸው ሌላው ክር ይወርድበታል። ዘንጉን የወደዱት ልጆች ደግሞ «ዘንግ ከሌለውማ ምኑ ፍሎይድ ሮዝ ነው?» ብለው ተከራከሩ።

እኔ ከክራሯ ልጅ ጋር ወገንኩ። እኛ በብዛት የምንጫወተው ቅኝት እየቀያየርን ነው፤ ለዚህ የማይንቀሳቀስ ብሪጅ ይሻላል። ከዱካ ጠራቢ ቤት ያገኘነውን የዋንዛ ቁራጭ ሞርደን፣ ከብሪጁ ሥር ባለው የብረት ጡብ ፊትና ኋላ አስገብተን አጠበቅነው። አሁን አንዱ ክር ሲላላ ሌሎቹ ንቅንቅ አይሉም፤ የክሩም ከፍታ እንዳለ ነው። እንጨቱ አልተጣበቀም፣ ዘንጉን የሚፈልግ መንቀል ይችላል። የነቀለ ግን ብሪጁን አመጣጥኖ፣ ስድስቱን ቃኝቶ ይመልስ ተባብለናል።

ለመጪው ዓመት ክበቡ የሚፈልገው ቀጠን ያለ 9 ቁጥር ክር፣ ባለ 3 ሚሊ ሜትር አለንኪና ከተቻለ ብሪጁ የማይንቀሳቀስ ሁለተኛ ጊታር ነው። መርዳት የሚችሉ ወላጆች በክፍል ኃላፊ መምህራን በኩል ያሳውቁን።