ኮርኒስ ለቴአትር፤ ከደሴ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ላሊበሎችን ታስታውሷቸዋላችሁ? ጎህ ሳይቀድ ደጃፍ ላይ ቆመው የሚያዜሙትን። እሱ ያወጣል፣ እሷ ትቀበላለች። የባለቤቱን ስም ቀድመው ከጎረቤት ይጠይቃሉ። ስም ተጠርቶ፣ ቤተሰብ ተመርቆ፣ ተኝቶ መቅረት የለም። ቴአትር ምን እንደሆነ መጀመሪያ የገባኝ በልጅነቴ ከብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ እነሱን ስሰማ ነው። ዛሬ እኔው ደጃችሁ ቆሜያለሁ። ድምፄ ስለማያምር በጽሑፍ መጣሁ።

ጉዳዩ አጭር ነው። ኮርኒስ እንፈልጋለን።

ደሴ ውስጥ ድርሰት የምንጽፍና የምንተውን ጥቂት ሰዎች ነን። የሰፈራችን እድር አዳራሹን በነጻ ሰጥቶናል። በወር አንድ እሁድ አዲስ ተውኔት እናነባለን፤ ሲበስል ደግሞ መድረክ ላይ እናወጣዋለን። ግድግዳው ደህና ነው። ጣሪያው ግን ባዶ ቆርቆሮ ነው። የደሴን ዝናብ የምታውቁ ቀሪውን ታውቁታላችሁ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ እኛ ልባችን ይመታል። ባለፈው ክረምት ሁለተኛው ገቢር ላይ በረዶ ጣለ። የተዋናይቷ አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ቃሉ አይሰማም። ትንሽ ታገለች። ከዚያ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ተመልካቹም አብሯት ጠበቀ። አንድ ሽማግሌ ከኋላ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አብሽሪ ልጄ፣ ይኼም ያባራል» አሏት። የምሽቱን ትልቅ ጭብጨባ የወሰዱት እሳቸው ናቸው። ዝናቡ ግን አላባራም። ሰው መጨረሻውን ሳያይ ተበተነ። እስካሁን ሸዋ በር ላይ አስቁሞኝ «ለመሆኑ ልጅቱ አገባችው?» የሚለኝ አለ።

ወንበሩም የእድሩ ነው። አንድ እሁድ ንባቡ መሀል ላይ ሰፈር ውስጥ ሰው ሞተ። አግዳሚዎቹ ከሥራችን ተነሥተው ወደ ለቅሶ ቤት ሄዱ። ትክክል ነው፤ እድሩ የቆመው ለዚያ ነው። እኛም የቀረውን ቆመን ጨርሰን ወደዚያው ሄድን።

«ታዲያ ለምን ቤትህ ቁጭ ብለህ አትጽፍም?» ይሉኛል። እጽፋለሁ። ቀን አስተምራለሁ፣ ማታ እጽፋለሁ። 11 ተውኔት ጽፌ መድረክ ያዩት 3 ናቸው። አንዱን በእጅ የጻፍኩትን ብቸኛ ቅጂ ለአንድ መሥሪያ ቤት አስገብቼ «ነገ ና» ሲሉኝ ዓመት አለፈ። በመጨረሻ ፋይሉ የለም ተባልኩ። ቅጂ ያላስቀረሁት እኔ ነኝ፤ ቂሉ እኔ። አሁን መስመር በጻፍኩ ቁጥር ፎቶ ኮፒ ቤት የምሮጠው ከዚያ ወዲህ ነው።

ቤት ቁጭ ብሎ መጻፍ የማያስተምረውን ልንገራችሁ። በአንዱ ድርሰቴ ልጇ የሞተባት እናት አለች። አንድ ገጽ ተኩል እንጉርጉሮ ጻፍኩላት። ስጽፈው አልቅሻለሁ፤ አልዋሽም። ልምምድ ላይ ተዋናይቷ ወረቀቱን ይዛ ዝም አለች። «ምነው?» አልኳት። «ጋሼ፣ ወንድሜ ሲሞት እናቴ ይህን ሁሉ አላወራችም። ‹ለሰዉ ቡና ጣዱ› ነው ያለችው» አለችኝ። ያን ገጽ ተኩል ሰረዝኩት። «ለሰዉ ቡና ጣዱ» ብቻ ቀረ። እሁድ ሲነበብ አዳራሹ ጸጥ አለ። ደግነቱ ያን ቀን ዝናብ የለም። ያንን ጸጥታ ካልሰማሁ የቱ መስመር እንደሚቀር፣ የቱ እንደሚሄድ በምን አውቃለሁ?

ወሎ በዜማ ስሟ የናኘ ነው። ከ4ቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የእኛን አገር ስም ይዘው ይዞራሉ። ማሪቱ ለገሰን ማን አያውቅም? ቴአትር ላይ ስንመጣ ግን እንግዳ እንሆናለን። የአገር ፍቅር ቴአትር በ1927፣ ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ተቋቋሙ፤ ሁለቱም 400 ኪሎ ሜትር ርቀው አዲስ አበባ ናቸው። መጻፍ የሚችል ልጅ ሁሉ ሻንጣውን ይዞ በዚያው ይቀራል። አልፈርድበትም፤ እኔም ሄጄ ነበር። በእርግጥ ሙያው ሲጀመርም አልተመቸውም። የመጀመሪያው የአማርኛ ዘመናዊ ተውኔት የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ኮሜዲያ መኳንንቱን ነክቶ ታግዷል። እኛን ማንም አላገደንም። ያስቸገረን ቆርቆሮው ነው።

እንግዲህ አይጠየፍን፣ እዚሁ ደሴ ያለውን የንጉሥ ሚካኤልን ትልቅ የግብር አዳራሽ፣ የሚያክል ሥሩልን አላልንም። አናጺያችን ለክቶ ጨርሷል። ሞራሌ ተመትቶ፣ ሁለት ድርብ ኮምፔንሳቶ ተለጥፎ፣ መሀሉ ድምፅ የሚውጥ ነገር ይገባበታል። የእጁን ዋጋ አይጠይቀንም፤ እቃውን ብቻ ነው። ቀጥሎ 60 የራሳችን ወንበር። ከተረፈ ለመድረክ መብራት። የነበረችን የድምፅ ማጉያ በ2014ቱ ጦርነት ሄዳለች። እሷን አሁን አናነሣትም፤ ኮርኒሱ ካለ ያለ ማጉያም እንሰማለን።

ገንዘብ የምትሰጡ ለእድሩ ገንዘብ ያዥ ስጡና ደረሰኝ ተቀበሉ። እኛ ጸሐፊዎቹ ገንዘብ አንነካም፤ ሒሳብ ላይ ጎበዝ ብንሆን ቴአትር ባልጻፍን። ወጪው በየወሩ አዳራሹ በር ላይ ይለጠፋል። የአንድ ወንበር ዋጋ ለብቻው የሚከብድ ከሆነ ሁለት ሦስት ሆናችሁ አዋጡ። ከቤት ግንባታ የተረፈ ሞራሌ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ሚስማር ያላችሁም አትጣሉት። ኮምቦልቻና ሐይቅ ያላችሁ እቃ ካገኛችሁ ጭነን የምንመጣው እኛ ነን። ውጭ አገር ያላችሁ ደሴ ባለው ዘመዳችሁ በኩል ላኩ፤ ደረሰኙን እሱ ይቀበልላችኋል።

በልጉ ቀድሞናል። ሐምሌ ሳይገባ መጨረስ አለብን፤ ያቺን በበረዶ የተቋረጠችውን ቴአትር ከሁለተኛው ገቢር ጀምረን እንደገና እናሳያለን። ያን ቀን የነበራችሁ መግቢያ አትከፍሉም። ልጅቱ ማግባት አለማግባቷን ያኔ ታያላችሁ።