የቦትስዋናን ውጤት በመቀመጫ ብቻ አትመዝኑት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ደቡባዊ አፍሪካ ፓርቲዎች ያወጣችሁት ጽሑፍ እስከዚያ ገዥ የነበረው የቦትስዋና ዴሞክራቲክ ፓርቲ (ቢዲፒ) በጥቅምት 2024 ምርጫ ደጋፊ አልባ ሆኖ እንደቀረ ይነግረናል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ61 መቀመጫ 4 ብቻ ማግኘቱ እውነት ነው። ነገር ግን 30 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቷል። በድምፅ ሁለተኛ፣ በመቀመጫ አራተኛ ነው የወጣው። ከእሱ የተገነጠለውና ድምፁ ከ10 በመቶ የማይሞላው ፓትሪዮቲክ ፍሮንት እንኳ 5 መቀመጫ አለው፤ ደጋፊው በሴሮዌና በዙሪያዋ ስለተከማቸ።

ነገሩ ያለው በምርጫ ሥርዓቱ ላይ ነው። እኛም በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 54 የምንጠቀምበት ሥርዓት ስለሆነ ለሐዋሳ አንባቢ እንግዳ አይሆንም፦ በምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፣ ግማሽ መሙላት አይጠበቅበትም። 10,000 ሰው ድምፅ በሰጠበት ክልል ሦስት ዕጩዎች 3,600፣ 3,400 እና 3,000 ቢያገኙ መቀመጫው የመጀመሪያው ነው፤ የቀረው 6,400 ድምፅ ፓርላማ አይገባም። በየክልሉ በጠባብ ልዩነት ሁለተኛ የሚወጣ ፓርቲ ድምፁ ሞልቶ ወንበሩ ባዶ ይሆናል።

ቢዲፒ በዚህ ሥርዓት ለዓመታት ተጠቅሟል። በ2014 ከግማሽ ባነሰ ድምፅ (46 በመቶ ገደማ) ከ57 መቀመጫ 37ቱን የወሰደው ተቃዋሚዎቹ ዩዲሲ (አምብሬላ ፎር ዴሞክራቲክ ቼንጅ) እና ቢሲፒ (ቦትስዋና ኮንግረስ ፓርቲ) ተለያይተው ስለተወዳደሩ ነው። ያኔ ቢሲፒ በ20 በመቶ ድምፅ 3 መቀመጫ ብቻ አገኘ፤ በ2024 ግን በ21 በመቶ 15 አገኘ። ድምፁ ያው ነው ማለት ይቻላል።

በእርግጥ ቢዲፒ ከ2019ኙ 52 በመቶ ብዙ ወርዷል፤ ሽንፈቱን አናሳንሰውም። ግን አሸናፊው ዩዲሲም ያገኘው 37 በመቶ ገደማ ነው፤ መቀመጫው 36። ፕሬዚዳንቱም በቀጥታ አይመረጥም። የፓርላማ ዕጩዎች ሲመዘገቡ የሚደግፉትን የፕሬዚዳንት ዕጩ ያሳውቃሉ፤ ደጋፊዎቹ ከ61ዱ ከግማሽ በላይ፣ ማለትም 31 ካሸነፉለት ሥልጣኑ የእሱ ነው። የዩዲሲ መሪ ዱማ ቦኮ ከዩዲሲ ውጭ አጋር ሳይፈልጉ ቤተ መንግሥት የገቡት በዚህ መንገድ ነው።

በዚያው ዓመት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ገዥው ኤኤንሲ (የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ) 40 በመቶ አግኝቶ ከ400 መቀመጫ 159 ብቻ ደረሰው። እዚያ ሥርዓቱ ተመጣጣኝ ውክልና ስለሆነ ወንበሩ ድምፁን ይከተላል፤ ስለዚህ አጋር መለመን ግድ ሆነበት። ሁለቱን አገሮች እንደ አንድ ዓይነት ውድቀት ጎን ለጎን ማስቀመጣችሁ ያሳሳተን እዚህ ላይ ነው።

ከእንግዲህ የውጭ ምርጫ ስትዘግቡ የድምፅ በመቶኛውንና የመቀመጫውን ቁጥር በአንድ ሠንጠረዥ አውጡልን፤ የምርጫ ሥርዓቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩን። የቦትስዋናው ሠንጠረዥ ቢወጣ ኖሮ ቢዲፒና ቢሲፒ በ2029 እርስ በርስ ሳይወዳደሩ የምርጫ ክልሎችን ተከፋፍለው ዕጩ ቢያቀርቡ ዩዲሲ 36 ወንበሩን ይዞ መቆየቱ አጠራጣሪ እንደሆነ አንባቢ ራሱ ባሰላው ነበር።

የፖለቲካ ሳይንስ መምህራን
ሐዋሳ